ጥቁር አፈር ላይ ስንዴ፦ ከዩሪያው በፊት ውሃውን

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የምትሄዱ ከሆነ፣ ሆለታን አልፋችሁ ጊንጪ ስትቃረቡ በመስኮት ተመልከቱ። አንዱ ማሳ ላይ ስንዴው ጠቆር ብሎ አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል። ጎኑ ያለው ማሳ ገርጥቷል፣ መሃሉ ላይ ውሃ ተኝቶበታል። አፈሩ ያው ነው። ዝናቡም ያው ነው። ብዙ ጊዜ ማዳበሪያውም ከአንድ ማህበር፣ በአንድ ቀን የወጣ ነው። የለያያቸው ቦይ ነው።

ቢጫ ስንዴ ያየ ሰው ቶሎ የሚለው «ዩሪያ አንሶት ነው» ነው። እኔም እንደዚያ እል ነበር። አንድ ክረምት አጎቴ ማሳ ላይ፣ ውሃው እንደተኛ፣ ግማሽ ኩንታል ዩሪያ በተንን። ሁለት ሳምንት ጠበቅን። ምንም የለም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤት አጥር ላይ ተደግፈው ሲያዩን ቆይተው «የሰጠመ ሰው ይጎርሳል እንዴ?» አሉን። ያኔ ነገሩ ስድብ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ስለ ጥቁር አፈር ከሰማሁት ሁሉ ትክክለኛው ትምህርት እሱ ነው።

ስለዚህ ይህ መመሪያ በውሃው ይጀምራል። የተጻፈው ለስንዴ ነው። ብዙው ግን ለገብስም ይሠራል። ጤፍ ውሃ ስለሚችል ትንሽ ይለያል።

አፈሩ ለምን እንዲህ ይሆናል?

ዋልካ ወይም መረሬ እንለዋለን፤ ኦሮሚያ ውስጥ ኮትቻ ይባላል። ኢትዮጵያ ውስጥ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ እንደሚሆን ይገመታል፤ ከዚህ 7.6 ሚሊዮኑ ደጋና ወይና ደጋ ላይ ነው። በቾ፣ ጊንጪ፣ አቃቂ፣ ቢሾፍቱ ዙሪያ፣ ሞረትና ጅሩ የዚህ አፈር አገሮች ናቸው።

አብዛኛው ሸክላ ነው። ሲደርቅ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ ጥልቅ ድረስ ይገባል። ከዚያ አፈሩ ያብጣል፣ ስንጥቁ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚወርደው ውሃ መግቢያ የለውም። ላዩ ላይ ይተኛል።

ውሃ የተኛበት አፈር አየር የለውም። ሥሩ መተንፈስ ስላልቻለ እዚያው ያለውን ምግብ እንኳ አይስብም። ሁለተኛው ጉዳት አይታይም። አየር ያጡ ጥቃቅን ተሕዋስያን ኦክስጅን ፍለጋ አፈር ውስጥ ያለውን ናይትሬት ይሰብሩታል፤ ናይትሮጅኑ ጋዝ ሆኖ ወደ ሰማይ ይሄዳል። በብድር የተገዛው ዩሪያ ማለት ነው የሚተነው።

1. ማሳውን በዝናብ ጊዜ እዩት

ይህን ሥራ የምትጀምሩት ካለፈው ክረምት ነው። ትልቅ ዝናብ ከጣለ በኋላ ቦት ጫማ አድርጋችሁ ማሳውን ዙሩ። በማግስቱም ተመለሱ። ከአንድ ቀን በላይ ውሃ የሚተኛበት ቦታ ሁሉ ላይ እንጨት ትከሉ። ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ውሃው ከየት ይመጣል? ወዴትስ መሄድ ይፈልጋል?

ብዙ ጊዜ ግማሹ ውሃ የእናንተ ዝናብ አይደለም፤ ከላይ ካለው ማሳ ወይም ከመንገድ ዳር የሚመጣ ነው። እንዲያ ከሆነ መጀመሪያ ከማሳው ራስ ላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ያስፈልጋል። ያለሱ ውስጡን ብትቆፍሩ ድካም ብቻ ነው።

2. በጋ ላይ አፈር አስመርምሩ

ማሳውን በዚግዛግ እየተጓዛችሁ ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ እስከ 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት፣ አፈር ውሰዱ። በንጹህ ባልዲ ቀላቅሉት፣ ጥላ ውስጥ አድርቁት፣ ከአንድ ኪሎ ያልበለጠውን በከረጢት አድርጋችሁ ስምና ቦታ ጻፉበት። አውድማ የነበረበትን፣ ከብት የሚያድርበትንና ዛፍ ሥር ያለውን አትንኩ፤ ውጤቱን ያሳስታል። የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አታድርጉ (ይህን የምለው ሲደረግ ስላየሁ ነው)። ወዴት እንደሚላክ የቀበሌያችሁ ዲኤ (የግብርና ልማት ሠራተኛ) ያውቃል።

ላቦራቶሪ ካልተገኘ ቢያንስ ያለፉትን ሦስት ዓመታት ታሪክ ጻፉ፦ ምን ተዘራ፣ ምን ተጨመረ፣ ስንት ኩንታል ወጣ።

3. መደቡን መሥራት

የሥራው ልብ እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

የምንፈልገው ሰፊ መደብና ቦይ ነው። መደቡ 80 ሳንቲሜትር፣ ቦዩ 40 ሳንቲሜትር፣ አንድ ላይ 1.20 ሜትር። እህሉ መደቡ ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ትርፍ ውሃው በቦዩ ይወርዳል። ሐሳቡ ከውጭ የመጣ እንዳይመስላችሁ። እነዋሪ (ሞረትና ጅሩ) ላይ ገበሬው ይህን መደብ በእጁ እየሳበ ሲሠራ የኖረ ነው፤ ሴቱም ልጁም የሚሳተፍበት ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። ሌላ አካባቢም ፈሰስ የሚባለው የውሃ መውረጃ አለ። የቆየ እውቀት ነው፤ የጎደለው በሬ የሚጎትተው መሣሪያ ነበር።

እሱ የመጣው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። በዚያ ጊዜ አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ እንስሳት ማዕከል ከአገር ውስጥ ተቋማት ጋር ሆኖ ሁለት ማረሻ በማጣመር፣ የብረት ክንፍ በመጨመር መደብ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ። ቢቢኤም የምንለው እሱ ነው። ከኋላው የሚጎተተው ሰንሰለት መደቡን ያስተካክላል፣ ዘሩንም ያለብሳል። ኋላ ደግሞ እንደ አይባር ያሉ፣ በተለመደው ማረሻ ላይ የሚገጠሙ ቀለል ያሉ ዓይነቶች መጡ። የትኛው ይሻላል ብትሉኝ፣ የእናንተ በሬዎች ሳይንበረከኩ የሚጎትቱት ይሻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

በበልግ ዝናብ አፈሩ ሲለሰልስ እረሱ፣ ድገሙ፣ ሰልሱ። ጥቁር አፈር የሚታረስበት ጊዜ አጭር ነው። ደርቆ ከሆነ ድንጋይ፣ ርሶ ከሆነ ማጥ። አፈሩን በእጃችሁ ጨብጡትና ልቀቁት፦ ሳይጣበቅ ከተፈረፈረ ቀኑ ዛሬ ነው።

ሰኔ መጨረሻ፣ ዝናቡ ሳይጠነክር፣ ዘሩንና የዘር ጊዜ ማዳበሪያውን በተስተካከለው ማሳ ላይ በትኑ። ከዚያ ቢቢኤሙን አስገቡ። ክንፉ ከቦዩ አፈር እያነሳ መደቡ ላይ ሲያለብስ ዘሩ ይሸፈናል። በመስመር መዝራት ከፈለጋችሁ ደግሞ መደቡን አስቀድሙ፤ 80 ሳንቲሜትር ላይ በ20 ሳንቲሜትር ርቀት አራት መስመር ይገባል።

የመጀመሪያውን ቦይ በገመድ ወጥሩ። እሱ ከተጣመመ የቀሩትም ሁሉ ተከትለውት ይጣመማሉ። ቦዩ ወደታች ማዘንበል አለበት፤ ግን በጣም አይደለም። በ100 ሜትር ርቀት ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር ዝቅ ቢል ይበቃል። ከዚያ ከበዛ ቦዩ ጎርፍ ይሆንና አፈሩን ይዞት ይሄዳል። ተዳፋት ማሳ ላይ ወደ ቁልቁለቱ ቀጥ ብላችሁ አትውረዱ፤ ጠመም አድርጋችሁ ሂዱ።

ዘግይቶ መሥራት የብዙ ሰው ስህተት ነው። ሐምሌ ከገባ በኋላ፣ አፈሩ ጭቃ ሆኖ ሳለ ቢቢኤም ማስገባት መሬቱን መለሰን ነው የሚሆነው። ሰኔና ሰኞ እንደሚባለው፣ ሁሉም ሥራ አንድ ላይ ሲገጥም በሬው መጀመሪያ እዚህ ማሳ ላይ ይዋል።

4. ውሃው የት ይውጣ?

ይህን ክፍል መመሪያዎች ሁሉ በአንድ መስመር ያልፉታል። መንደር ውስጥ ጠብ የሚነሳው ግን እዚህ ላይ ነው። የእናንተ ማሳ ከደረቀ ውሃው የሆነ ሰው ማሳ ላይ አርፏል ማለት ነው። ቦዮቹ ሁሉ የሰበሰቡትን ውሃ የጎረቤት ገብስ ላይ ለቅቃችሁ ሰላም አትጠብቁ።

ስለዚህ ግንቦት ላይ፣ ማንም ሳይቆጣ፣ ከታች ካሉት ጋር ቡና ተጠጡ። የጋራ ፈሰስ ከማሳ ድንበር ጋር እየሄደ ወንዝ ወይም ሣር መሬት ላይ እንዲደርስ ተስማሙ። ከተቻለ ጎረቤታሞች ሁሉ በአንድ አቅጣጫ መደብ ያውጡ። መውጫው ላይ ሣር ይተከል፤ ባዶ አፈር ከሆነ በሁለት ክረምት ገደል ይሆናል።

ቦታ ያለው ሰው ደግሞ ከፈሰሱ መጨረሻ ኩሬ ይቆፍር። ላዩ 10 ሜትር በ10 ሜትር፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር፣ ግድግዳው ዘንባላ የሆነ ኩሬ 130 ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል። አንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር) ሽምብራ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ለማጠጣት 75 ሜትር ኩብ ይበቃል። በትነት የሚሄደውን ቀንሳችሁ እንኳ አንድ ጥሩ ውሃ ይወጣዋል። ለልጆች ሲባል አጥሩት።

5. የማዳበሪያ ሒሳብ

ስንዴ ሲታጨድ ከማሳው የሚወጣው ፍሬው ብቻ አይደለም። አንድ ቶን ፍሬ 20 ኪሎ ገደማ ናይትሮጅን ይዞ ይሄዳል። ከሄክታር 35 ኩንታል ካገኛችሁ ፍሬው ብቻ 70 ኪሎ ወሰደ። ገለባው ለከብት ከሄደ ሌላ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ይጨመራል።

አሁን ከረጢቱን እንይ። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው። ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፌት፣ 7 በመቶ ሰልፈር አለው። ለሄክታር አንድ ኩንታል ኤንፒኤስና አንድ ኩንታል ተኩል ዩሪያ ከተጨመረ፣ 19 እና 69፣ በድምሩ 88 ኪሎ ናይትሮጅን ይሆናል። ለ35 ኩንታል ተቀራራቢ ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ ብቻ ጨምሮ 50 ኩንታል የሚጠብቅ ሰው ግን ቀሪውን ከመሬቱ እየተበደረ ነው። የወረዳችሁ ምክር ወይም የአፈር ምርመራው ሌላ መጠን ካለ እሱን ተከተሉ።

ብዙ ቦታ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ስለሚሆን በጥማድ እንናገር። ለአንድ ጥማድ፦

- ኤንፒኤስ 25 ኪሎ፣ ሁሉም በዘር ጊዜ
- ዩሪያ 12.5 ኪሎ በዘር ጊዜ
- ዩሪያ 25 ኪሎ ስንዴው ሲገነጥል (ከሥሩ ተጨማሪ ቀንበጥ ሲያወጣ)
- ዘር በመስመር 31 ኪሎ ገደማ፣ በብተና 37 ኪሎ ገደማ

50 በ50 ሜትር የሆነ ጥማድ ላይ 41 መደብ ይወጣል። ስለዚህ ለአንድ መደብ የሚደርሰው የሁለተኛው ዙር ዩሪያ 600 ግራም ነው። አንድ ጣሳ ውሰዱ፣ ሱቅ ሄዳችሁ 600 ግራም አስመዝኑ፣ የደረሰበት ላይ በምስማር ጭረት አድርጉ። ለአንድ መደብ አንድ ጣሳ። በዓይን የተበተነ ዩሪያ ሁልጊዜ መጀመሪያው ላይ ይበዛል፣ መጨረሻው ላይ ያልቃል።

6. ዩሪያው መቼ?

ከተዘራ ከ35 እስከ 40 ቀን፣ ስንዴው ሲገነጥል፣ ከአረም በኋላ። አረሙ ሳይነቀል ከተጨመረ የምትቀልቡት አረሙን ነው።

ቀኑን ስትመርጡ ሰማይና መሬት እዩ። ቦዩ ውስጥ ውሃ ቆሞ ከሆነ ጠብቁ፤ መጀመሪያ የተዘጋውን ቦይ በአካፋ ክፈቱ። መሬቱ ደርቆ ፀሐይ ከበረታም አይሆንም፤ ዩሪያው ወደ አሞንያ ተለውጦ ይተንናል፣ ጥቁር አፈር ላይ ደግሞ ይህ ይብሳል። ያ የሚሰነፍጠው ሽታ ገንዘባችሁ ነው። አፈሩ እርጥብ፣ ውሃ ያልተኛበት፣ ሰዓቱ ወደ ማታ፣ ቀለል ያለ ዝናብ የሚጠበቅበት ቀን ምረጡ። መደቡ ላይ ብቻ በትኑ። ቦይ ውስጥ የወደቀው ለታችኛው ጎረቤት የተላከ ስጦታ ነው።

ክረምቱ ከበረታ 25 ኪሎውን በሁለት ክፈሉት፤ ሁለተኛውን ከሁለት ሳምንት በኋላ ስጡ። ጉልበት ይጠይቃል፣ ግን ከእኔና ከአጎቴ ታሪክ ይሻላል።

7. ቅጠሉን ማንበብ

ቢጫ ሁሉ አንድ አይደለም። የታችኛው አሮጌ ቅጠል ከጫፉ እየገረጣ ከመጣ ናይትሮጅን ነው። ላይ ያለው አዲሱ ቅጠል ከገረጣ ሰልፈር ሊሆን ይችላል። ተክሉ ቀጭጮ ቅጠሉ ወይን ጠጅ ከመሰለ ፎስፈረስን ጠርጥሩ። ቢጫው ረባዳው ቦታ ላይ በድፍን ከታየ ውሃ ነው፤ አንድ ተክል ነቅላችሁ ሥሩን እዩ፣ ጠቁሮ ከሸተተ ጥርጥር የለውም። ቅጠሉ ላይ በመስመር የተሰደረ፣ ጣት የሚያቀልም ቢጫ ዱቄት ካለ ግን የማዳበሪያ ጉዳይ አይደለም። ዋግ ነው። በዚያው ቀን ዲኤውን ጥሩ።

8. ከስንዴው በኋላ

ጥቁር አፈር ክረምት ላይ የሚያስቸግረውን ያህል በጋ ላይ ይክሳል። ውሃ ይዞ ይቆያል። አባቶቻችን ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ሽምብራና ጓያ የሚዘሩት ይህን አውቀው ነው።

አንዳንዱ ባለሙያ በአንድ ዓመት ስንዴም ሽምብራም ይገኛል ይላል። ይቻላል፤ ግን ሁሉ ቦታ አይደለም። ሰኔ 20 ላይ የተዘራ፣ በ100 ቀን የሚደርስ ዝርያ መስከረም መጨረሻ ይታጨዳል፤ ወዲያው ሽምብራ ማስገባት ይቻላል። ችግሩ ዝናቡ ሳይወጣ ስንዴው መድረሱ ነው። የሚደርቅበት ጣሪያ ከሌለ ይበሰብሳል። በደጋው ደግሞ ስንዴው እስከ ኅዳር ስለሚቆይ ይህ አይታሰብም። እኔ የምመክረው መሬቱን ከፍሎ ማፈራረቅ ነው፦ ዘንድሮ ስንዴ የነበረው ለከርሞ ሽምብራ ወይም ባቄላ ይሁን። ጓያ ድርቅ ይችላል፣ ግን አብዝቶ ለረጅም ጊዜ የበላውን ሰው እግር ሽባ ስለሚያደርግ እኔ አልመክረውም።

ጥራጥሬ ናይትሮጅን ከአየር የሚያመጣው ሥሩ ላይ በሚኖር ባክቴሪያ ነው። ማሳው ላይ ለብዙ ዓመት ሽምብራ ካልተዘራ ሕያው ማዳበሪያ (ይህን ባክቴሪያ የያዘውን) ግዙ። ጥላ ውስጥ፣ በትንሽ ስኳር ውሃ ዘሩን አሽታችሁ፣ በዚያው ቀን ዝሩ። ፀሐይ ከመታው ባክቴሪያው ይሞታል፤ ዩሪያ ጋርም አትቀላቅሉት። አበባ ሲያወጣ አንዱን ነቅላችሁ የሥሩን እባጭ ቁረጡ። ውስጡ ቀላ ያለ ከሆነ እየሠራ ነው።

9. ኮምፖስት፣ ኩበት፣ ገለባ

እዚህ ላይ መስበክ አልፈልግም። እንጨት በሌለበት አገር ኩበት አታንድዱ ማለት እራት አትብሉ እንደማለት ነው። ግን ሁለት ነገር ይቻላል። አንደኛ፣ ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ በጭስ ይሄዳል እንጂ ፎስፈረሱና ፖታሺየሙ አመዱ ውስጥ ይቀራል፤ አመዱን ደጅ ከመድፋት ማሳ አድርሱት። ሁለተኛ፣ ክረምት ላይ የሚረገጠው የበረት እበትና ሽንት ለኩበት አይሆንምና እሱን ከአረምና ከተረፈ ገለባ ጋር እየደረባችሁ ኮምፖስት አድርጉት። እርጥበቱን ጠብቃችሁ በየወሩ ብታገላብጡት በሦስት ወይም አራት ወር ይደርሳል። ሲደርስ የዝናብ ማግስት አፈር ይሸታል።

የሚገኘው ለሄክታር አይበቃም። ሁሉ ቦታ ላይ በጥቂቱ ከመርጨት በየዓመቱ አንድ ጥማድ እየመረጡ በደንብ መስጠት ይሻላል። አራተኛው ዓመት ላይ ሁሉም ተዳርሷል።

ቀይ አፈር ላላችሁ

የእናንተ ችግር ብዙ ጊዜ ውሃ ሳይሆን አሲድ ነው። አሲዳማ አፈር የምትሰጡትን ፎስፈረስ አፍኖ ይይዘዋል። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ መጠኑ በምርመራ ይታወቅ፣ ከዘር አንድ ወር ቀደም ብሎ ከአፈሩ ጋር ታርሶ ይቀላቀል። ጥቁር አፈር ግን በአብዛኛው ኖራ አይፈልግም፤ ጎረቤት ጨመረ ብላችሁ አትጨምሩ።

አንድ መደብ ተዉ

ከ41ዱ መደብ አንዱን፣ ከመሃል፣ ሁለተኛውን ዩሪያ ሳትሰጡ ተዉት። ሌላውን ሁሉ እኩል አድርጉለት። ኅዳር ላይ እሱንና ጎኑ ያለውን ለየብቻ እጨዱ፣ ለየብቻ ውቁ፣ መዝኑ፣ ወረቀት ላይ ጻፉ። ልዩነቱን በ41 አባዙና ከ25 ኪሎ ዩሪያ ዋጋ ጋር አስተያዩት። የከርሞውን የማዳበሪያ መጠን ስትወስኑ ያቺን ወረቀት ይዛችሁ ማህበሩ ጋ ሂዱ።